ሬሳ ሆኜ የለበስኩት ጋቢ

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ፣ ከዘቢዳር ተራራ ጫፍ እስከ ታች ቆላው ድረስ፣ እንደኔ ያለ ተዋናይ አልተፈጠረም። ወደፊትም መፈጠሩን እጠራጠራለሁ። ቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ በወጣሁባት በዚያች አንዲት ቀን ሴቶች ደረታቸውን ደቁ፣ ገበያ ተበተነ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ አህያ ጭነቱን እንደተሸከመ ባለቤቱን አጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ስንት ቴያትር ታይቷል፤ ገበያ የበተነ ግን የኔ ብቻ ነው።

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ዓይኑን ያፈጣል። «ምን ሆነህ ነበር የተጫወትከው? ንጉሥ? ጀግና?» ይለኛል። እኔም ወሬ እቀይራለሁ።

ሬሳ ሆኜ ነበር። እሱም ቢሆን ለተዋናይ መምረጫ ፈተና ነው እንጂ ለእውነተኛው ትርኢት አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ነው። እኛ ግን መውረዳቸውን በምን እናውቃለን? ፎቶግራፋቸው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሎ፣ እኛ የምናደርገውን ሁሉ ከላይ ሆነው ያያሉ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ያሉ የአገራችን ልጆች፣ ነጋዴውም ሊስትሮውም፣ ተሰባስበው ለትውልድ አገራቸው መንገድ ያሠሩ ነበር። እጃቸው ለመዋጮ ቀዝቀዝ ሲል የሚያሞቃቸው ነገር ተፈለገ። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከልን ወጣት መምህር «ቴያትር ያሞቃቸዋል» አለ። ጸጉሩ አፍሮ ነው፤ ወፍ ጎጆ ብትሠራበት ባለቤቱ ሳያውቅ ጫጩት ታሳድግበት ነበር። ሱሪው ከታች ሰፍቶ የመንደሩን አቧራ ጠርጎ ጨርሷል።

መምህሩ የጻፈው ቴያትር እንዲህ ነው፦ አንድ አባወራ ይታመማል። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ሲወስዱት ወንዝ ሞልቶ ያገኙታል። ድልድይ የለም፣ መንገድ የለም። አባወራው ወንዙ ዳር ላይ ይሞታል፤ ልጁም በላዩ ላይ ያለቅሳል። በቃ ይኸው ነው። «ልጁ በደንብ ካለቀሰ» አለን መምህሩ፣ «አንድ ወንዝ ሳይሆን ሦስት ወንዝ ድልድይ ይሠራለታል።» ለመጫወት የተመረጡት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይወሰዳሉ።

እኔ አዲስ አበባ መሄድ የፈለግኩት ሲኒማ ለማየትና ኬክ ለመብላት ነበር። ጓደኛዬ ግን አባቱን ለማግኘት ነበር።

ጓደኛዬ ጎረቤቴም ነው፤ አጥራችን አንድ ነው። እኛ እስላሞች ነን፣ እነሱ ክርስቲያኖች። አረፋ ሲሆን እሱ እኛ ቤት ነው፣ መስቀል ሲሆን እኔ እነሱ ቤት ነኝ። ሥጋችን አይገናኝም እንጂ ቆጮው፣ አይቤውና ጎመኑ አንድ ስለነበረ ሁለታችንም በዓመት ሁለት በዓል እናከብር ነበር። አባቱ መርካቶ ሱቅ አለው። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ነው፤ ለፋሲካ አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ ለመስቀል ግን ቀርቶ አያውቅም።

መቼም በኛ አገር ከተማ የገባ ሰው ዓመቱን ሙሉ የት ዋልክ፣ የት አደርክ አይባልም። በዓሉ ሲደርስ ግን ይመጣል። የታመመው ታዝሎ ይመጣል፤ ከሚስቱ የተኳረፈው ኩርፊያውን መርካቶ ቆልፎበት ይመጣል። የቤቱን በሬ የሚያርደው አባወራው ነው፤ ቢላዋው ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ የሚጠብቀው እሱን ነው። መስቀል ያልመጣ ሰው ስሙ ሲነሳ፣ የተቀመጡት ሁሉ ወደ መሬት ያያሉ።

በዚያ ዓመት የጓደኛዬ አባት ለመስቀል አልመጣም።

የመጣው የኔ አባት ነው። አባቴ ቡታጅራ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ከሌሎች ሁለት ሽማግሌ ነጋዴዎች ጋር ሆኖ መጣና ጓደኛዬ ቤት ገቡ። «ጅማ በኩል ቡና ሊያነሳ ወርዶ ዝናቡ መንገድ ዘጋበት» አሉ። ለልጁ አዲስ ጫማ ልኳል ተባለ። ጋቢውንም ልኮታል።

«ጋቢውን ለምን?» አለች እናቱ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ ለፋሲካ መጥቶ የተወው ጽንስ ነው።

«መንገድ ላይ ይከብደኛል ብሎ ነው» አለ አባቴ።

«ጅማ አይበርድም?»

«ጅማ?» አለ አባቴ፤ አብረውት የመጡትን ሰዎች አየ። «ጅማማ ሙቅ ነው።»

እሷ ጋቢውን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ጓደኛዬ ጫማውን ሲያጠልቅ አልገባ አለው። ገፋ፣ ገፋ፤ ተረከዙ ውጭ ቀረ። በመጨረሻ የጫማውን ኋላ ረግጦ እንደ ሸበጥ አደረገው።

«ይሰፋል፤ ቆዳ ነው» አልኩት።

«አባቴ እግሬን ያውቃል» አለኝ። «ሲሄድ በክር ለክቶ፣ ክሩን ቋጥሮ ኪሱ ይከታል። በየዓመቱ እንደዚያ ነው።»

«ክሩ ጠፍቶበት ይሆናላ።»

«አባቴ?» አለ። «አባቴ ክር አይጠፋበትም።»

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ማለቴ ለኔ ተበላሸ። አባቴ ጉርሻ የማያውቅ ሰው ነው፤ እኔን ራሴን ካጎረሰኝ የተገረዝኩ ቀን ይመስለኛል። አሁን ጓደኛዬ ብቅ ሲል «ና፣ ና ቁጭ በል» ብሎ በገዛ እጁ ያጎርሰዋል። እናቴም ዝናብ ሲጀምር እኔን ትታ እሱን ነው የምትጣራው። ወላሂ፣ አንድ ሳምንት እንዲህ ቢቀጥል አልጋዬን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ነበር። ቅናት ይባላል ስሙ። ሌላ ነገር ይኖረዋል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ሌላም ነበር። የጓደኛዬ እናት ሆዷ እየገፋ፣ በኛ ሱቅ በኩል ቀስ ብላ ስታልፍ፣ አባቴ የሚፈልገው ነገር ያለ ይመስል ወደ ጓዳው ይገባል። አላፊውን ሁሉ በስሙ ጠርቶ ሰላም የሚል ሰው ነው። አንድ ቀን «አባዬ፣ እትዬ አንበሳ ናቸው እንዴ? ይበሉዎታል?» አልኩት።

ለእንዲህ ያለ ቀልድ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ጥፊ ነው። ጉንጬን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። አባቴ ግን አልመታኝም። የሚመታኝን እጁን አነሳና ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አባቴን እንደዚያን ቀን ፈርቼው አላውቅም።

ፈተናው ታኅሣሥ ውስጥ በገበያ ቀን ሆነ። ከዘቢዳር የሚወርደው ነፋስ ጥርስ ያፋጫል። መምህሩ «ሬሳ የሚሸፈንበት ነገር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ» ብሎ ስለነበር ጓደኛዬ የአባቱን ጋቢ በብብቱ ይዞ መጣ።

«እናትህ ፈቀደች?» አልኩት።

«ገበያ ናት። ሳትመለስ እመልሰዋለሁ።» ጋቢውን አሸት አሸት አደረገው። «ስማ፣ ዛሬ ልጁን ሆኜ መመረጥ አለብኝ። አዲስ አበባ ከደረስኩ መርካቶን አውቃታለሁ፤ በእግሬ ሄጄ ሱቁን አንኳኳለሁ። እናቴ ከመውለዷ በፊት ይዤው መምጣት አለብኝ።»

«ካልተመረጥክስ?»

«እመረጣለሁ» አለ፤ የተረገጠ ጫማውን እየጎተተ ገባ።

አዳራሹ ውስጥ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ተኮልኩሏል። ልጁን መሆን የማይፈልግ የለም። አባትየውን መሆን የሚፈልግ ግን አንድም ጠፋ። መምህሩ አግዳሚ ወንበር አምጥቶ መሃል ላይ አስቀመጠና፣ «ይኼ ቃሬዛው ነው። እስኪ አንድ ሰው ይተኛ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ሆናችኋል? መተኛት ብቻ እኮ ነው!»

«መምህር፣ ሟርት ነው» አለ አንዱ ረጅም ልጅ። «በደህና አገር ተነስቶ የተገነዘ ሰው ሞትን በስሙ ይጠራዋል።»

«ይኼ ጥበብ ነው፣ ጥበብ!»

«ጥበቡ ላንተ፣ ሞቱ ለኔ?» ሲለው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ሁሉም አግዳሚውን እያየ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

በመጀመሪያ ያለ ሬሳ ሞከርን፤ የኔ ተራ መጀመሪያ ነበር። ባዶው አግዳሚ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ምን አለፋችሁ፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ ልቅሶ ነው ያለቀስኩት። ጸጉሬን ነጨሁ፤ ተንከባለልኩ፤ ወንዙን ረገምኩ። ቀና ስል የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ሆዱን ይዞ በሩ ላይ ተደግፏል፤ እንባው በሳቅ ይወርዳል። መምህሩ ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጃንሆይ አዙሯል።

«አንተ ስታለቅስ» አለኝ ሲመለስ፣ «የሰው ሁሉ ጥርስ ይታያል። ድልድዩን ልታፈርስብን ነው። ሂድ ተቀመጥ።»

ሌሎቹም ሞከሩ። አንዱ ተሸማቆ ቃሉን ዋጠው፤ ሌላው እንደ ትምህርት ቤት ግጥም በአንድ ትንፋሽ አነበነበው። መምህሩ አፍሮውን ያካል። «ባዶ ወንበር ላይ ማን ያለቅሳል? ሬሳ ከሌለ ፈተናው ይበተናል» አለ። ጓደኛዬ ተራው ገና አልደረሰም ነበር። ወደኔ መጣ።

«ተኛልኝ» አለኝ በጆሮዬ።

«አብደሃል? ሲያዩኝ እንኳን ሞት የሚመኙልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው።»

«በአባቴ ይዤሃለሁ ተኛልኝ። ከተበተነ መሄዴም ቀረ።»

ትንሽ አሰብኩ። ሬሳውም አውቶቡሱ ላይ ይሳፈራል፤ ሬሳም ኬክ ይበላል። «እሺ» አልኩና ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተጋደምኩ። ከኋላዬ አንዱ «በስማም!» ሲል ሰማሁት። ጓደኛዬ ጋቢውን ከእግሬ እስከ ራሴ አለበሰኝ።

ብርሃኑ ጠፋ። ከጋቢው የመርካቶን ሽታ ጠብቄ ነበር፤ የበርበሬ፣ የጎማ ጫማ፣ የሰው ሽታ። የሸተተኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ ሐኪም ቤት ተኝቼ አውቃለሁ፤ ወለሉ የሚታጠብበት መድኃኒት አፍንጫ የሚወጋ ሽታ አለው። ያ ሽታ ነው። ታጥቦ እንኳን አልለቀቀውም። ጅማ ቡና የሚያነሳ ሰው ጋቢ እንዴት ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይሸታል ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ሰውነቴ ከአግዳሚው ጋር አብሮ በረደ። ልነሳ አስቤ ነበር፤ ጓደኛዬ ጀመረ።

መጀመሪያ የመምህሩን ቃል ነበር የሚናገረው። «ወይ ድልድይ ማጣት! ወይ መንገድ ማጣት!» ድምፁ ደረቅ ነው። «ከልብህ!» አለ መምህሩ። «አባትህ ነው የተኛው! ራሱ አባትህ ነው!»

የተረገጠው ጫማ ወደኔ ሲንሸራተት ሰማሁ። እጁ ጋቢው ላይ አረፈ። ከዚያ አማርኛውን ተወው፤ በቤት ቋንቋችን፣ በጉራግኛ፣ ሽማግሌዎቻችን ሬሳ ፊት ቆመው እንደሚያደርጉት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ፤

«አባቴ፣ ቢላዋህ ከተሰቀለበት አልወረደም፤ ማን ያውርደው? በሬህ ታስሮ ዋለ፤ ጎረቤት አረደው፤ እኔ ቀንዱን ለመያዝ እንኳን አልደረስኩም። አባቴ፣ እናቴ ደጁን አትዘጋም፤ ብርዱ ይገባል፣ አንተ አትገባም። አባቴ፣ ጫማው ጠበበኝ። ክሩን የት ጣልከው? እግሬን ማን ረሳህ አለህ?»

ጃንሆይ ራሳቸው የሰሙ ይመስለኛል። እኔ የማላምንበት ነገር የለም፤ በዚያች ሰዓት የሞትኩት እኔ እንደሆንኩ አመንኩ። ልጄ በላዬ ላይ የሚያለቅስ፣ መልስ መስጠት ግን ያልቻልኩ መሰለኝ።

አዳራሹ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ያኔውኑ ደርሶ ጡሩንባውን ነፍቷል። ቆጮ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች በመስኮቱ ሥር ያልፉ ነበር፤ የልጁን ድምፅ ሰሙ። ድምፁን ያውቁታል፤ የሚለውንም ያውቁታል። ለእንዲህ ያለ ድምፅ በኛ አገር በር አይንኳኳም። በሩን በርግደው ገቡ።

እኔ በጋቢው ቀዳዳ ጥላቸውን ብቻ አየሁ። አንዷ የጓደኛዬ እናት ዘመድ ነበረች፤ የጋቢውን ጥለት አየች።

«ጋቢው! የሱ ጋቢ ነው! በአውቶቡስ አመጡት! ኧረ ወንድሜን!» ሸክሟ ሲወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሌሎቹ ተቀበሏት።

«እማማ፣ ቴያትር ነው! ቴያትር!» ይላል መምህሩ።

«ቴያትር ነው የገደለው?» ብላ ጮኸች ሴትየዋ፤ በዚያው ድምፅ ወደ ውጭ ሮጠች። በአንድ አፍታ ጩኸቱ ገበያው ደረሰ። በሩቁ፣ እንደ ቋያ እሳት፣ ከአንዱ ጉሊት ወደ ሌላው ሲዘል ይሰማል። ማምሻውን አንዳንድ ሰው «ቴያትር የሚባል አዲስ በሽታ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ልጆች እንዳይነኩት» ሲል ሰምቻለሁ።

ልብ በሉ፤ እኔ አልተነሳሁም። ሌላ ማንም ቢሆን ዘሎ «አለሁ!» ይል ነበር፤ ነገሩም እዚያው በር ላይ በሳቅ ያልቅ ነበር። እኔ ግን እንደ ድንጋይ ዝም አልኩ። መምህሩ ይህን አይቶ በኋላ «ጽናት ማለት ይኼ ነው! የተፈጠርከው ለሬሳነት ነው!» ብሎኛል፤ በሕይወቴ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ትልቁ ነው።

ጓደኛዬ ነው ትከሻዬን ይዞ የናጠኝ። «ተነስ! ተነስ አንተ! እናቴ ልትሰማ ነው!»

ተነሳሁ። ጋቢውን ከወገቤ በታች ጠመጠምኩት።

«ጋቢውን ጣለውና ና!»

«በርዶኛል» አልኩት። ሮጥን።

ገበያው በርበሬውን እንዳሰጣ፣ ሰው የለበትም። ሁሉም ወደ ጓደኛዬ ሰፈር ይጎርፋል። በአባቴ ሱቅ በኩል ሳልፍ በሩ ተዘግቷል። አባቴ ለጁምዓ ካልሆነ ለማንም ሱቅ አይዘጋም፤ ጣራው ቢቃጠል እንኳን እሳቱን «ዛሬ ምን ልስጥህ?» የሚል ሰው ነው።

«አባዬ የት ሄደ?» አልኩት የጎረቤቱን ቡቲክ ባለቤት።

«ለቅሶ ነዋ» አለኝ። «ሌሎቹን ሽማግሌዎች ሊጠራ ሄደ።» ጋቢውን አየና ዓይኑን አሸሸ።

ሽማግሌ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። ሰው ወሬ ሲሰማ ይሮጣል እንጂ ሽማግሌ አይሰበስብም። ሮጬ ጓደኛዬን ደረስኩበት።

ግቢያቸው ጢም ብሏል። እናቱ ከገበያ ተመልሳ ደጃፉ ላይ መሬት ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ የሚያለቅሱትን ሴቶች እንደ ሌላ ሰው እንግዶች ታያቸዋለች። ከኋላዋ፣ ከቤቱ ጥግ፣ የእንሰቱ ቅጠል በነፋሱ ይንኳኳል።

«እማዬ!» አለ ጓደኛዬ። «ውሸት ነው! ጨዋታ ነው! ትምህርት ቤት የሠራነው ጨዋታ ነው፤ አባዬ አልሞተም፤ ሬሳው እሱ ነው!» በጣቱ ወደኔ ጠቆመ።

የግቢው ሰው በሙሉ ወደኔ ዞረ። የሟቹን ጋቢ ታጥቄ ቆሜያለሁ።

«እውነቱን ነው እትዬ» አልኩ። «ሬሳው እኔ ነኝ።»

ከዚያ አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ በሳቅ ፍርፍር አለች። ሌላዋ ተከተለች። ቆጮዋን የጣለችው ዘመድ «እግዜር ይይልህ፣ አንተ የቁም ሬሳ! ቆጮዬን አፈር አስበላኸው!» ስትል ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ በእንባ የረጠበ ፊት ሁሉ ሳቀ። የጓደኛዬ እናት ከሆዷ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ና ወዲህ» አለችው ልጇን። ሲቀርብ በጥፊ አለችው፤ ወዲያው አንገቱን ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ሁለተኛ» አለች፣ «አባትህን በአፍህ እንዳትገድል።»

ሳቁ ገና አልበረደም፤ አባቴ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በአጥሩ በር ገባ። ሦስቱም ራሳቸውን ሸፍነዋል፤ ሦስቱም ከዘራ ይዘዋል። የሚስቁትን ሴቶች አይተው ግራ ተጋቡ፤ ኀዘን አእምሯቸውን የነካቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። «አባዬ፣ ውሸት ነው!» ልለው አፌን ከፈትኩ። አባቴ አላየኝም። ቀጥ ብሎ ሄዶ እሷ ፊት ቆመ፤ ከዘራውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እኅቴ» አለ። «ማን እንደቀደመን አናውቅም። መርዶው የኛ ነበር። እስክትገላገዪ ብለን ነው የያዝነው። ጳጉሜን ላይ ታመመ፤ ሐኪም ቤት አስገባነው፤ በእጃችን ላይ አረፈ። ወግ ባለው ቀብር ቀብረነዋል። እግዜር ያጽናሽ።»

ሳቁ በሴቶቹ ፊት ላይ እንደተከፈተ ቀረ፤ የሚዘጋው ጠፋ። አባቴ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ያኔ ገባው። ማንም እንዳልቀደመው ገባው።

የጓደኛዬ እናት አባቴን አላየችውም። ልጇ እግር ላይ ያለውን ጫማ፣ የተረገጠውን ተረከዝ ነበር የምታየው።

«ጫማውን ማን ገዛው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ሁለቱን አጣምሮ አባቴ እግር ሥር አስቀመጠው። ከዚያ የተነሳውን ጩኸት አልገልጸውም። ማጋነን የምወድ ሰው ነኝ፤ ያንን ግን ማጋነን አልችልም።

በጩኸቱ መሃል እናቱ በእጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሳች። ወደኔ መጣች። ጋቢውን ከወገቤ ላይ ፈትታ ወሰደችው፤ እኔ ወዲያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም ልብ አላለኝም። ጋቢውን በሁለት እጇ ሰብስባ ፊቷን ቀበረችበት። ቆይታ ቀና ስትል እጇን እያየች «ረጥቧል» አለች። «በልጄ እንባ ርሷል። ልጄ አባቱን አልቅሶለታል።»

ጥምቀት ሳይደርስ ሴት ልጅ ወለደች፤ በሰላም ነው። መርዶው አርባ ቀን ሲሞላው ጓደኛዬን አዲስ አበባ የወሰደው ቴያትሩ ሳይሆን አባቴ ነው፤ መቃብሩን አሳየው። ጓደኛዬ ለአባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ልጅ ሆነለት፤ እኔ ከምሆነው የበለጠ። ቴያትሩ አልታየም። የካቲት ላይ አገር ታመሰ፤ መምህሩ ከነአፍሮው ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ አልተመለሰም። በመስከረሙ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ወረደ፤ የነበረበት ቦታ ላይ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀረ። እንግዲህ ያቺ ፈተና ናት የቴያትሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ትርኢት። ለዚህ ነው ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ እንደኔ ያለ የለም የምለው፤ ተወዳዳሪ አልመጣማ።

እኔና ጓደኛዬ ሸምግለን እንኳን ለመስቀል እነሱ ቤት አልቀርም። እናቱ አሁን አርጅታለች። ቆጮውና አይቤው ከተነሳ በኋላ ሣጥኗን አስከፍታ ጋቢውን ታወጣዋለች። «አንድ ቀን እንኳን አላጠብኩትም» ትላለች። «የባሌ ሽታና የልጄ እንባ ነው ያለበት።» ልጆቿ ተራ በተራ ይስማሉ። ከዚያ ወደኔ ትዘረጋለች፤ «አንተም ልጄ ነህ፣ ሳመው» ትለኛለች። እስማለሁ።

እንባ አልነበረም። ሴቶቹ እየጮሁ በሩን በርግደው ሲገቡ፣ ከጋቢው ሥር፣ ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር። ያልተነሳሁትም ለዚህ ነው።